የበረዶ ምልክት ያለው ጎማ ድሬዳዋ ምን ይሠራል?

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ በረዶ ጎማ ጠየቁኝ።

አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ከባድ መኪና መንዳት ከጀመረ ገና ስምንት ወሩ ነው። በረዶ ላይ ነድቶ አያውቅም። የበረዶው ወቅት እየቀረበ ሲመጣ ደወለና «አጎቴ፣ ሰዉ ሁሉ ስለ ጎማ ነው የሚያወራው፤ አንተ ስለ ጎማ ታውቃለህ፣ እስቲ አስረዳኝ» አለኝ። ሁለተኛው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር የሚያድር የአይሱዙ ሹፌር ነው። ያገለገለ ጎማ ሊገዛ ሄዶ ጎኑ ላይ ተራራ፣ ተራራው ውስጥ ደግሞ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ጎማ አሳዩት። ሻጩ «ለበረዶ የተሠራ ጎማ የኛ መንገድ ምን ያደርገዋል አቦ!» ብሎታል። ልግዛው ወይስ ልተወው ነው ጥያቄው።

ሁለቱ ሰዎች ዓለም ለዓለም ተራርቀው ነው ያሉት። ለሁለቱም የነገርኳቸው ግን አንድ ነገር ነው። ጎማ መንገድ የሚይዝበት አቅም ልክ አለው። ልኩን የሚቆርጡት ደግሞ ሙቀቱና መንገዱ ናቸው። ጠንካራ ጎማ፣ ደካማ ጎማ የሚባል ነገር ለብቻው የለም። ለዚህ ሙቀት፣ ለዚህ መንገድ የተሠራ ጎማ ነው ያለው።

ከጎማው ስፋት እንጀምር። አንድ የከባድ መኪና ጎማ ቆሞ ሲታይ ግዙፍ ነው። መሬት የሚነካው ቦታ ግን የአንድ ደብተር ገጽ ያህል ብቻ ነው። ሦስት ቶን ገደማ የሚሸከመው፣ የሚያዞረው፣ የሚያቆመው እሱ ገጽ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥም፣ መሪ ሲጠመዝዝም፣ ዳገት ሲወጣም የሚጠቀመው ያንኑ ነው። ሌላ የለውም።

የኛ ከተማ ራሷ የዚህ ነገር ልጅ ናት ብል አላጋነንኩም። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ጥሩነቱም እዚያ ነው። ዳገት ላይ ግን ይንሸራተታል። ከታች 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሜዳ ተነስቶ ከ1,800 ሜትር በላይ ወዳለችው ሐረር ለመውጣት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ከሐረርም ከፍ የሚለውን የደንገጎን ጋራ ለማለፍ፣ ሐዲዱን በብዙ ወጪ ማጠማዘዝ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ። እዚያ የተቆረቆረችው ከተማ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ድሬዳዋ ማለት ናት። ዛሬ ያንን ጋራ በጎማ እንወጣዋለን። ጎማ አስፋልት ይይዛላ።

ምን ያህል ይይዛል? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደውን ርቀት በሂሳብ ማስላት ይቻላል። ደረቅ አስፋልት ላይ 14 ሜትር ገደማ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ 22 ሜትር። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 50 ሜትር ያህል። መስታወት በመሰለ በረዶ ላይ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ይህ ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያነሳ የሚያልፈውን ርቀት አይጨምርም። የከባድ መኪና ፍሬን ደግሞ ንፋሱ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል። ለእህቴ ልጅ ከዚህ ሁሉ «14» እና «100» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ያዝ አልኩት። እኛ ሠፈር ከቤት በር እስከ ሱቁ ባለው ርቀት የሚቆም መኪና፣ እዚያ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይፈልጋል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። ሐረማያ ላይ ዝናብ ቀላቅሎ የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ዴንቨር ሰማይ ላይ እንደ ጥጥ የሚበተነውንም «በረዶ» ነው የምንለው። ጥጥ የሚመስለው በድሮው ቃል አመዳይ ነው። ጎማ ግን እነዚህን ለይቶ ያውቃቸዋል። አዲስ የወረደ አመዳይ በጎማ ጥርስ ይቦጨቃል፤ ስለዚህ ትንሽም ቢሆን ይያዛል። መኪና ሲመላለስበት ይጠቀጠቅና ያንሸራትታል። ቀን ቀልጦ ሌሊት ሲረጋ ደግሞ ጠጣር በረዶ ይሆናል። ከሁሉም የሚከፋው ጥቁር በረዶ የሚሉት ነው። ጥቁር አይደለም፤ እንደ መስታወት ቀጭንና ጥርት ያለ ስለሆነ ከሥሩ አስፋልቱ ይታያል። ሹፌሩ መንገዱ እርጥብ ብቻ ይመስለዋል።

ሌላም ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። በጣም ቀዝቃዛ በረዶ ከለብ ካለው በረዶ ይሻላል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ ደረቅ ነው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለው ግን ላዩ ላይ ስስ ውሃ ስለሚይዝ ሳሙና ነው። «ዛሬ ብርዱ ቀለል ብሏል» የሚባልበት ጠዋት ነው መኪና የሚገለበጠው።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ።

ማስቲካ እያኘካችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ማስቲካው አፍ ውስጥ ይደርቃል። ጎማም እንደዚያ ነው። ጎማ መንገድ የሚይዘው ለስላሳ ስለሆነ ነው። የአስፋልቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ይገባና ይቆነጥጣቸዋል። ለሞቃት አገር የተቀመመ ጎማ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል። ከዜሮ በታች ብዙ ሲወርድ ፕላስቲክ ይመስላል። ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ዋጋ የለውም። የበረዶ ጎማ ቅመሙ ሌላ ነው። የተፈጥሮ ጎማና ሲሊካ የሚባል የአሸዋ ዘር የሆነ ነጭ ዱቄት በዛ ተደርጎ ይገባበታል። ስለዚህ በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

በብርድ ለስላሳ የሆነ ነገር በሙቀት ምን ይሆናል? የሳቢያኑ ወዳጄ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው።

እኔ ራሴ ከፍዬበታለሁ። ከዓመታት በፊት፣ ገና ስነዳ፣ ያገለገሉ ሁለት ጎማዎች ገዛሁ። ያው የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ነበረባቸው። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፤ አዲስ ይመስላሉ። ሻጩም «የበረዶ ነው፣ አይበገርም» አለኝ። ከመኪናው ኋላ ገጠምኳቸውና በደወሌ መስመር ወደ ጅቡቲ ጭነት ያዝኩ። ያንን መስመር የሚያውቅ ያውቀዋል። አስፋልቱ በቀትር በባዶ እግር አያስረግጥም። አራት ወር ሳይሞላቸው የአንደኛው ጥርስ ተልጎ አለቀ። ሁለተኛው ሽንሌን አልፈን ላዩ ተገፍፎ ወጣ። የተገፈፈው ቆዳ የጭቃ መከላከያውን ገንጥሎ ወሰደው። ረዳቴ ከኋላ የሚመጣ መኪና ላይ ባለመውደቁ ፈጣሪን እያመሰገነ ነበር የለቀመው። ጎማው መጥፎ አልነበረም። ያለ አገሩ ነው ያመጣነው።

የመኪና ጎማ በፀሐይ ብቻ አይደለም የሚግለው። ሲንከባለል ጎኑ እየተጣጠፈ ይዘረጋል። ሽቦን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ብታጥፉት እንደሚግለው ማለት ነው። ለስላሳና ጥርሰ ጥልቅ ጎማ የበለጠ ይተሻሻል፣ የበለጠ ይግላል። ድሬዳዋ ሰኔ ላይ አየሩ ብቻ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ ትርፍ ጭነት ሲጨመር ጎማው ከውስጥ ይበስላል።

ስለ ምልክቶቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሸወድባቸዋል። ጎማ ጎን ላይ «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ከመደመር ምልክት ጋር ታያላችሁ። ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ይህን አምራቹ በጥርሱ ቅርጽ ብቻ የሚያትመው ነው። በረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፍ አይጠበቅበትም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ግን በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ጀርመን ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊደሎቹን ብቻ አልቀበልም ብላለች። እዚያ በበረዶ መንገድ ላይ የተራራው ምልክት የግድ ነው። ለእህቴ ልጅም «ፊደሉን ሳይሆን ተራራውን ፈልግ» አልኩት። ለሳቢያኑ ደግሞ «ተራራውን ካየህ ተወው።» ፊደሎቹ ብቻ ያሉበት ጎማ ግን እኛም ጋ ሞልቷል፤ ጭቃ መንገድ ለሚገባ መኪና ችግር የለውም።

ጥርሱስ? እዚህ ላይ የበረዶ ጎማ ሠሪዎች ያሰቡት ነገር ያስደንቀኛል። እዚያ አገር ሕፃናት አመዳይ ጨብጠው ሲያድበለብሉት ኳስ ይሆናል። አመዳይ ከአመዳይ ጋር ይጣበቃል። ጎማውም ይህን ይጠቀማል። ጥልቅ ጥርሶቹ ከመንገዱ አመዳይ ጎርሰው ይጠቀጥቁታል። ከዚያ የጎማው አመዳይ የመንገዱን አመዳይ ይይዘዋል። ጎማ ብቻውን ከሚይዘው ይልቅ እሱ ይበልጣል። በየጥርሱ ላይ ደግሞ በምላጭ የተቆረጡ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ጎማው ሲጫን ይከፈቱና እያንዳንዳቸው እንደ ጥፍር ይቧጥጣሉ። ስለዚህ የበረዶ ጎማ ጥርሱ በግማሽ ካለቀ ለበረዶ አይሆንም። የአሜሪካ ሕግ ለከባድ መኪና የፊት ጎማ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ለሌላው 1.6 ሚሊ ሜትር ጥርስ እስካለው ይፈቅዳል። ያ ለሕጉ ይበቃል። በረዶ ላይ ግን ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ ይዤ አልወጣም።

ጎማ በቦታው ይለያል። ይህ እዚህም እዚያም አንድ ነው። የፊት ጎማ መሪ የሚታዘዝ ነው፤ ቀጥ ያሉ ረጃጅም መስመሮች ያሉት ይመረጣል። ሞተሩ የሚገፋው የኋላው ነው፤ ለሱ ቆርጥ ቆርጥ ያለ ትልልቅ ጥርስ። የተሳቢው ዝም ብሎ የሚከተል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ያለቀ ጎማ የሚገጥመው እዚያ ነው። ስህተት ነው። ተሳቢውም ፍሬን ይይዛል። በረዶ ላይ መጀመሪያ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ባዶ ተሳቢ ነው።

ንፋስ ላይ ቆም ልበል። እዚህ ከተማ በጣም የማየው ስህተት እሱ ነውና።

አየር ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል፣ ሲግል ይነፋል። 100 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ የከባድ መኪና ጎማ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ በወረደ ቁጥር ወደ 2 ፒኤስአይ ያጣል። ዴንቨር ላይ ከሰዓት 15 ዲግሪ የነበረ አየር ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ሊደርስ ይችላል። የ30 ዲግሪ ልዩነት ነው። ማንም ሳይነካው 10 ፒኤስአይ ያህል ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት፣ ከመንቀሳቀስ በፊት፣ በመለኪያ ይለካል። በእግር መምታት መለኪያ አይደለም።

እኛ ጋ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ሹፌሩ ከደወሌ በቀትር ይመጣል። ጎማው ግሎ ንፋሱ ጨምሯል። ጎሚስታው ይለካና «በዝቷል፣ ይፈነዳብሃል» ብሎ ያስተነፍሰዋል። አታስተንፍሱ! የጎማው ልክ የሚነበበው ቀዝቅዞ ነው። የጋለውን ካስተነፈሳችሁ ማታ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል። በነጋታው ጎደሎ ሆኖ ይጫናል። የጎደለ ጎማ የበለጠ ይጣጠፋል፣ የበለጠ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። እንዳይፈነዳ ብለን ያደረግነው ነው ያፈነዳው። መንታ ጎማ ላይ ይብሳል። አንዱ ጎድሎ ሌላው ሙሉ ከሆነ ሙሉው የሁለት ጎማ ሸክም ይሸከማል። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም።

አሁን መንዳቱ። የእህቴ ልጅ እዚህ እያለ አይሱዙ ነድቷል። ደንገጎን በደንብ ያውቀዋል። ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ደንገጎ ያስተማረው ልማድ በረዶ ላይ ይገድላል።

ደንገጎን መውረድ ምን እንደሆነ ላልወረደ ልንገር። ከጋራው ጫፍ እስከ ድሬዳዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጠማዘዝ ብቻ። ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሹፌር መሐል ላይ ሽታው ይመጣበታል። የጋለ ፍሬን አይዝም። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው አብዛኛው አደጋ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ታላላቆቻችን «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ብለው አሳደጉን። ከባድ ማርሽ አስገብተህ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞት፣ የእግር ፍሬኑን በየመሐሉ ብቻ ነካ ማድረግ። የሞተር ፍሬን ያለው ደግሞ ያንን ይጠቀማል። ይህ እውቀት ሕይወት አድኗል። ደረቅ መንገድ ላይ።

የሞተር ፍሬን ግን የሚይዘው ሞተሩ የሚገፋቸውን ጎማዎች ብቻ ነው። ደረቅ አስፋልት ይሸከመዋል። በረዶ ላይ እነዚያ ጎማዎች በድንገት ይንሸራተታሉ። ኋላው ይያዛል፤ ተሳቢው ግን ከነጭነቱ መምጣቱን አያቆምም። ገፍቶ ገፍቶ ወደ ጎን ያወጣዋል። መኪናው እንደ ሰንጢ ታጥፎ ተሳቢው ጋቢናውን ይመታል። ሁለትና ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ስለዚህ የሚያንሸራትት መንገድ ላይ የሞተር ፍሬኑን ማጥፋት ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት በጣም ይቀነሳል፤ ማርሹም አስቀድሞ ይመረጣል።

ያ የደብተር ገጽ ትዝ ይበላችሁ። ፍሬንና መሪ አንድ ላይ ሲጠይቁት ይካፈሉታል። ደረቅ ላይ ለሁለቱም ይበቃል። በረዶ ላይ አይበቃም። ፍሬን የምትይዝ ከሆነ ቀጥ ብለህ ያዝ። ከዚያ ልቀቅ፣ ከዚያ አዙር። ነዳጅም ስትሰጥ በቀስታ። እርምጃህን ሁሉ ሙሉ የሻይ ብርጭቆ ይዞ እንደሚሄድ ሰው አድርገው አልኩት። ሳቀ፤ ግን ገብቶታል።

የአሜሪካ የመንጃ ፈቃድ መማሪያ እርጥብ መንገድ ላይ ፍጥነትን በሲሶ፣ የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ በግማሽ ቀንስ ይላል። ጠጣር በረዶ ላይ በእግር መሄድ እስኪመስል ዝግ በል፣ ያለ አደጋ መቆም እንደቻልክም ጉዞህን አቁም ነው የሚለው። ድልድይ ላይ ተጠንቀቅ የሚባለው ደግሞ በምክንያት ነው። ሌላው መንገድ ከሥሩ መሬት ያሞቀዋል፤ ድልድይ ግን ከላይም ከታችም ብርድ ይመታዋል። ቀድሞ የሚረጋው እሱ ነው። ጥቁር በረዶ መኖሩን ለማወቅ መስኮት ከፍቶ የጎን መስተዋቱን ፊት መዳበስ ነው። እዚያ በረዶ ካለ መንገዱም ላይ አለ። ሌላ ምልክትም አለ። ከፊት ያለው መኪና ጎማ ውሃ ይረጭ የነበረው ድንገት ካቆመ፣ ውሃው ረግቷል ማለት ነው።

ሰንሰለት የሚባለውን እኛ ጭቃ ላይ እናውቀዋለን። እዚያ ሕግ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርን ወደ ምዕራብ ትቶ የሚወጣው 70ኛው አውራ ጎዳና አለ። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በተራራው ክፍል የሚያልፍ የንግድ ከባድ መኪና ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው። መንገዱ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደንገጎን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ማለት ነው። ሰንሰለት ገጥሞ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም፤ ይበጠስና ንፋስ ቱቦ ይቆርጣል። አንድ ምክር ግን ከሁሉም ይቀድማል። ሰንሰለት ማሰርን ግቢ ውስጥ፣ በደረቅ ቀን፣ በብርሃን ተለማመድ። በጨለማ፣ እጅ ደንዝዞ፣ መኪና በአጠገብህ እያለፈ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ከጎማ ውጭ ሁለት ነገር ላንሳ። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ተራው ናፍጣ ይደፈርስና ፊልትሮ ይዘጋል። የብርድ ጊዜ ናፍጣ መቅዳት፣ ማቅጠኛውንም ከመርጋቱ በፊት መጨመር ነው፤ ከረጋ በኋላ አያድነውም። የንፋስ ፍሬን ታንክ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃም ይረጋል። በየቀኑ ይፍሰስ።

ይህን ሁሉ ስናወራ የሳቢያኑ ሹፌር አጠገቤ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ነበር። «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ? እዚህ በረዶ የለ» አለ። አለ እንጂ። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የነሱ ክረምት በረዶ ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፣ የዚያን የደብተር ገጽ አቅም ያሳንሳል።

ከወራት ድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ አቧራና የጎማ ዱቄት ከውሃው ጋር ይለወሳል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከቀጣዩ ዶፍ ይከፋል። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚቸኩል ሹፌር ይህን ግማሽ ሰዓት ቢታገስ ብዙ ያተርፋል። ሐረማያና አወዳይ አካባቢ በረዶ ሲወርድ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ጠጠር የተዘራ ይመስላል፤ ጎማውም በድቡልቡሎቹ ላይ ይንከባለላል። ያኔ ለአፍታም ቢሆን የእህቴ ልጅ መንገድ ላይ ነን ማለት ነው። ደንገጎ ላይ ጉም ሲጨመርበት ባዶ መኪና ይዞ የሚወርድ ሰው የሞተር ፍሬኑን እንደ ደረቅ ቀን አይጠቀም። ባዶ መኪና ጎማውን መሬት ላይ የሚጫንለት ነገር የለውም።

ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፈው የአሸዋ ወንዝ፣ ስለ ደቻቱ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። አሸዋው ደርቆ እያየነው፣ እዚህ ጠብ ሳይል፣ ከላይ የዘነበው ነው የሚመጣው። የአሸዋ ወንዝ አቋርጦ የሚሄድ ሹፌር ውሃ ካየ ጎማውን አይመን። 60 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ አብዛኛውን ትንሽ መኪና ያነሳዋል። ከባድ መኪናም ሥሩ ያለው አሸዋ ሲሸረሸር ይጋደማል። እዚያ ላይ የሚጠቅም ጎማ አልተሠራም። ይቆማል፣ ውሃው እስኪያልፍ ይጠበቃል። አሜሪካም ቢሆን ሕጉ እንዲሁ ይላል። መንገዱ በጣም አደገኛ ሲሆን የከባድ መኪና ሹፌር ጉዞውን ማቋረጥ አለበት። አሠሪው «ድረስ» ቢለው እንኳን።

ለሳቢያኑ ሹፌር በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው። የበረዶውን ተወው። ለሙቀት የተሠራ፣ መኪናህ የሚጠይቀውን ሸክም የሚችል ግዛ። የታደሰ ጎማ ከኋላ ይሁን፣ ፊት ላይ አታግባ። መንታዎቹ እኩል ቁመት ይኑራቸው። የተሠራበትንም ቀን አንብብ። ጎኑ ላይ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሩሃል፤ በፈረንጅ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዓመቱ የራቀ ጎማ ብዙ አለ። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጎኑ እንደ ደረቀ ማሳ የተሰነጠቀውን እንዳትነካ።

ማታ የእህቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። የጎማው ጎን ነው። ተራራው አለ፣ ቅንጣቱም አለ። ሥሩ 3922 ይላል። «አጎቴ፣ ይሄ ስንት ነው?» ብሏል። 39ኛው ሳምንት፣ 2022። ጥርሱን በሚሊ ሜትር ለክተህ፣ የሁሉንም ጎማ፣ ነገ ጠዋት ላክልኝ ብዬ ጻፍኩለት።